ለጭልፊት የተጣለ ድንኳን

ኡስታ ታረቀኝ ማረፉን የነገረኝ ኢድሪስ ነው። ኢድሪስ በገዳሪፍ ከቀድሞ ሱቄ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ሱዳናዊ ወዳጄ ነው። ሲደውልልኝ መተማ ቤቴ በረንዳ ላይ የአንድ ሰው ዲናሞ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። እንደ ወትሮው በቅጽል ስሜ «ያ ኮረንቲ» ብሎ አልጀመረም። «ፈንቴ» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ ስለማያውቅ፣ ሳይነግረኝ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልሁት።

«ኡስታ። ዛሬ ጠዋት። ሚስቱን ሻይ አምጪልኝ አላት፤ ሻዩ ሲደርስ እሱ የለም።»

ዲናሞውን እንደተፈታ ትቼው ተነሣሁ። በሕይወቴ የፈታሁትን ዕቃ ሳልገጥም የተነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ማለት በገዳሪፍ የጋራዥ ሠፈር፣ እነሱ ሰናዒያ በሚሉት፣ ከሐበሾች መጀመሪያ የመኪና ኤሌትሪክ ሱቅ የከፈትሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ዐማርኛ ማንበብ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዐረብኛ ማንበብ ከባትሪ ካርቶን ላይ ለቀምሁ። ኤሌትሪክን ግን ያስተማረኝ ራሱ ኤሌትሪክ ነው፤ መትቶ አስተማረኝ። ከካሰላ ድረስ ሽቦ ይዘው ወደኔ ይመጡ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ስለ ታረቀኝ የሚመሰክረው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ ብዬ ነው። እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን ያደነቅሁት እሱን ብቻ ነው።

ኡስታ የሚባለው በዚያ አገር የእጅ ሥራ የተካነ ሰው ነው። ታረቀኝ የሞተር ኡስታ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰው ነበር። ያ ዘንበል ያለ አንገት ከሥራው የመጣ ነው። ክንድ የሚያህል ካቻቢቴ ነበረው፤ ጫፉን ከሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከቀኝ ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው እንዲህ ነው እንዲያ ነው እያለ ቢለፈልፍ አይሰማውም። ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑን ይገልጣል። «ያልሰማሁትን አልናገርም» የዘወትር ቃሉ ነበረች። ሞተር ሲያጠፋም በድንገት አያጠፋም፤ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ይጠብቃል። «ትንፋሿን ትጨርስ» ይላል።

ከሱቁ ግድግዳ ላይ አንዲት የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ተለጥፋ ነበር። ቢጫ የእሽቅድምድም መኪና ነች፤ አፍንጫዋ ላይ ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት አለ። የኩባንያውን ስም ማንም አስተካክሎ ሊጠራው ስላልቻለ ሁላችንም «ጭልፊት» እንላት ነበር። ታረቀኝ ያቺን ሥዕል ያገኛት በልጅነቱ ጎንደር ውስጥ ካሠለጠነው ጣሊያን ነው። በደርግ ጊዜ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲሰደድ ደረቱ ውስጥ አጥፎ ይዟት ወጣ። ሌላው ሰው ማተብና የእናቱን ፎቶ ይዞ ሲሰደድ እሱ መኪና ይዞ ተሰደደ ብለን እንስቅበት ነበር። ሥዕሏን ከመንካቱ በፊት እጁን በቤንዚን፣ ቀጥሎም በሳሙና ይታጠባል።

ጣሊያኑ ያቺን መኪና በወጣትነቱ በአገሩ ሰምቷት ነበርና፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ስለ ድምጿ ይተርክለት ነበር አሉ። «አዲስ ሸማ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ሲቀደድ ሰምተሃል? ስትነሣ እንደዚያ ነች» ይለው ነበር። ታረቀኝ ያን ድምፅ አንድ ቀን በጆሮው ለመስማት ሲመኝ ኖረ። ሌላው መካ ወይም ኢየሩሳሌም እንደሚመኘው ማለት ነው። በቴሌቪዥን ብትመጣ እንኳ አይቀበልም። «ይህ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ነው እንጂ የእሷ አይደለም» ይላል።

ከሱ ጋር ያገናኘን ጠብ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሎሪ መሐከላችን ቆሞ አልነሣ አለ። እሱ የሞተር ነው ይላል፣ እኔ የኤሌትሪክ ነው እላለሁ።

«ያለኔ ብልጭታ አንተ ምንድን ነህ?» አልሁት። «ብረት ሻጭ ነህ።»

«ያለኔ ሞተር አንተስ?» አለኝ ሳይቆጣ። «ክብሪት ነህ።»

ኢድሪስ ከጎማዎቹ መሐል ሆኖ እስኪያለቅስ ሳቀ። በነገራችን ላይ የሎሪው ችግር የኤሌትሪክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችንን አብረን እየበላን ተከራከርን። አንድ ቀን መንኮራኩር በኮረንቲ ብቻ ይዞራል፣ ሞተር የሚባል ነገር ሙዚየም ይገባል እለው ነበር። ይህን የተናገርሁት በዚያ ከተማ ማንም ሳያስበው ነው። እሱ ራሱን ይነቀንቅና «ያን ቀን አታሳየኝ» ይላል።

ታረቀኝና ሚስቱ እንይሽ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ሀብታሙ ይባላል። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ግማሹን በዐማርኛ ጀምሮ ግማሹን በዐረብኛ የሚጨርስ፣ እንደ አባቱ መኪና የሚያሳብደው ልጅ ነበር። ገና ትንሽ ሳለ አንድ ሾፌር ከሾዋክ ከተማ መጥቶ ወሬ አመጣ። ከፖርት ሱዳን የተነሣ ትልቅ ሎሪ ሾዋክ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ጀርባው ላይ በሸራ የተሸፈነች ዝቅ ያለች መኪና አለች፤ ከሸራው ሥር ጭልፊት ይታያል አለ። ታረቀኝ የፈታውን ሞተር ትቶ፣ ልጁን ይዞ፣ እኔንም «ና፣ ቁልፍ ከሌላት በሽቦ ታስነሣታለህ» ብሎ አስከተለኝ፤ አውቶቡስ ተሳፈርን።

እውነትም እሷ ነበረች። የአዲስ አበባ ባለጸጋ ዕቃ ናት ተባለ። ጠባቂው ሸራውን እስከ አፍንጫዋ ገልጦ አሳየን። ታረቀኝ እንድትነሣለት ለመነ።

«ቁልፉ ከኛ ጋር የለም» አለ ጠባቂው። «በሌላ ሰው እጅ በአውሮፕላን ነው የሄደ።»

«ይህ ሰውዬ ያለ ቁልፍ ያስነሣታል» አለ ታረቀኝ ወደኔ እያሳየ። እኔም አስነሣት ነበር፤ ጠባቂው ግን ዱላውን አነሣ።

ታረቀኝ የሎሪው ጎማ ላይ ወጥቶ፣ አጎንብሶ፣ ቀኝ ጆሮውን ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ሀብታሙ ከታች ሆኖ ሱሪውን ይጎትታል።

«አባባ፣ ምን ትላለች?»

«ተኝታለች።»

በአውቶቡስ ስንመለስ ልጁ አባቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበና «እኔ አሰማሃለሁ» አለው። «ወላሂ አባባ፣ ስታድግልህ እኔ አሰማሃለሁ።» ስታድግልህ ማለቱ ራሱን ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ ሀብታሙ አልሳቀም።

ሀብታሙ አደገ፤ ያገሩ ልጆች የሚሄዱበትን መንገድ ሄደ። ኻርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ። ሊሄድ ሲል አባቱን ያለው ያንኑ ነው። «እዚያ ስደርስ የጭልፊቷን መሸጫ እፈልጋለሁ። ስትነሣ ስልኬን ከጭስ መውጫዋ አጠገብ እይዘዋለሁ። አንተ ዝም ብለህ ስማ።» ታረቀኝ ለዚህ ጉዳይ አዲስ ስልክ ገዛ። በዚያ ስልክ ወደ ማንም አይደውልም። ልጁ ሲደውል መስመሩ እንዳይያዝ ነው። እኔ በስልክ የሚመጣ ድምፅም ከቴሌቪዥን ድምፅ እንደማይሻል፣ ሁለቱም ከአንዲት ስስ ቆርቆሮ እንደሚወጡ በሳይንስ አስረዳሁት።

«ልጄ የያዘው ስልክ ሌላ ነው» አለኝ።

ከሊቢያ ሁለት ጊዜ ደወለ። በኋለኛው ጊዜ «ነገ ባሕር ነን» አለ። ከዚያ ወዲያ የለም። ከወራት በኋላ ከዚያው ጉዞ ተመለስሁ የሚል የሾዋክ ልጅ መጣና ጀልባይቱ እንደሰጠመች ተናገረ። ሀብታሙን ሲሰጥም አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁትም አለ።

ሽማግሎቹ እንደ ወጉ በማለዳ ሊያረዱ ሄዱ። እኔም ነበርሁ። ታረቀኝ ጋቢውን እንደለበሰ ከደጅ አገኘን። ገና አፋችንን ሳንከፍት ገባው፤ በሩን አልለቀቀም።

«ማን አየ?» አለ።

ማንም አላየም።

«ያልሰማሁትን አልናገርም። እናንተም ያልሰማችሁትን አትንገሩኝ። እግዜር ይስጥልን፣ ግቡና ቁርስ ብሉ፤ ለመርዶ ከሆነ ግን ሂዱ።»

እንይሽ ከኋላው ቆማለች። እሷ ሁሉን አውቃለች፤ እጇ ነጠላዋ ላይ ነበር። ዞር ብሎ ብቻ አያት፤ እጇን አወረደች። እኛም ተመለስን።

የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነው። ልጇ እንደሞተ የምታውቅ እናት ጥቁር መልበስ አልተፈቀደላትም። የሌላ ሰው ለቅሶ ስትሄድ ብቻ፣ በሌላው ሬሳ ላይ የራሷን ታለቅሳለች። ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ «ጋሽ ፈንቴ፣ እሱ አንተን ይሰማል። አንድ ቀን ብቻ ያስቀምጠኝ። አንድ ቀን ለልጄ ልቀመጥ» አለችኝ። ነገርሁት። ካቻቢቴውን አንሥቶ ወደ አንድ ትራክተር ሄደ።

ያቺ ስልክ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደኔ ትመጣለች። በገዳሪፍ መብራት ይጠፋል፤ የኔ ሱቅ ባትሪ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ታረቀኝ ስልኳን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል፣ እሰካታለሁ፣ ስትሞላ ይወስዳታል። ዓመታት እንዲህ ሆነ። ስለ እሷ ተነጋግረን አናውቅም።

ያቺ የፈረደባት ቀን የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ሻይ የምንጠጣበት የኒም ዛፍ ሥር አንድ ዲሽ ያለው ቴሌቪዥን ነበር። ሁላችንም ነበርን፤ ኢድሪስ፣ እኔ፣ ታረቀኝ፣ ጎበዜ የሚባለው የአርማጭሆ ሰው የሎሪ ሾፌር፣ ሌሎችም። በዐረብኛ ጣቢያ የአውሮፓ የመኪና ትርኢት ይታያል። ተራዋ ደርሶ ጭልፊት ስትባል ሁሉም ታረቀኝን እየጎሸመ ቴሌቪዥኑን ከበበ። መጋረጃው ተገለጠ። አንዲት እንደ ውሃ የምታብለጨልጭ ነጭ መኪና መድረክ ላይ ወጣች፤ አፍንጫዋ ላይ ያው ጭልፊት አለ። ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት፤ እንደ ጥላ ተንሸራታ መጥታ ቆመች። ነጋሪው በኤሌትሪክ ብቻ የምትሄድ፣ ለጊዜው ለማሳያ የተሠራች፣ የነገዋ ጭልፊት ይህቺ ናት አለ።

ያኔ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ድሮ የተናገርሁት በዓለም ፊት ወጣ። ተነሥቼ ስለ ባትሪ፣ ገና ከመነሻዋ ጉልበቷ ሙሉ ስለመሆኑ አስረዳሁ። ማንም አልሰማኝም።

«ይህቺ ተላጃ ነች» አለ ኢድሪስ። ተላጃ የሚሉት ማቀዝቀዣውን ነው። «ጎማ ያላት ተላጃ። ውስጧ ሥጋ ይቀመጣል።»

«ኮሽ ሳይል የሚመጣ ሌባ ነው» አለ ጎበዜ። «በኛ አገር እንዲህ ያለውን በጥይት ነው የምንቀበለው።»

ኢድሪስ ስልኩን አውጥቶ የዓለም ሰው የጻፈውን ያነብልን ጀመር። አንዱ ግብፃዊ ልቤን አወጣችሁት ብሏል። አንዱ ሞተሯን ካልመለሳችሁ ጭልፊቱን ከአፍንጫዋ ንቀሉት፣ ዶሮ ለጥፉባት ብሏል። አንዱ ደግሞ የሞተር ድምፅ ቀድታችሁ በውስጧ አጫውቱልን ይላል።

«ይህስ አልቃሽ መከራየት ነው» አለ ጎበዜ።

«ቆንጆ ነች፣ ጊዜዋ ነው ያለ አንድ ሰው ብቻ አለ» አለ ኢድሪስ። «እሱንም ሰድበውታል። ያ ኮረንቲ፣ አንተ ነህ እንዴ?»

ታረቀኝ አልሳቀም። ከሁሉም ይልቅ ይቆጣል ብለን የጠበቅነው እሱን ነበር። ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቶ፣ አንገቱን አዘንብሎ ተቀምጧል።

«ድምፁን ጨምርበት» አለ።

ባለ ሻዩ ጨመረ። ነጋሪውና ሙዚቃው ብቻ ጮኹ።

«ጨምርበት።»

ጨመረ። ነጭዋ መኪና መድረኩ ላይ በዝግታ ትዞራለች። ከእሷ የሚወጣ ነገር የለም። ታረቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የቴሌቪዥን ድምፅ አልናቀም፤ የምትሰጠውን ቢያገኝ ይቀበል ነበር። ቆይቶ ተነሣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኢድሪስና ጎበዜ ዘዴ አመጡ። የጎበዜን የሎሪ ሸራ ከኒሙ ዛፍ እስከ ታረቀኝ ሱቅ ወጠሩት፤ ሰሌን አነጠፉ፤ ሥዕሏን ከግድግዳ አንሥተው አንድ አሮጌ ሞተር ላይ አቆሟት፣ የሟች ፎቶ እንደሚቆመው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ለለቅሶ እንደሚመጣ ሆኖ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥሁ፤ እንዲያውም ከገዳዩ ወገን ነህና ወደ ኋላ ሁን አሉኝ።

ታረቀኝ መጣ። ሸራውን አየ፣ ሰሌኑን አየ፣ ሥዕሏን አየ። ወይ ይስቃል ወይ በካቻቢቴ ያባርረናል ብለን ጠበቅን። ጫማውን አወለቀ። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሥዕሏ አጠገብ፣ ሄዶ ተቀመጠ።

ኢድሪስ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ «አልፋትሓ» አለ፣ እነሱ ለሐዘንተኛ እንደሚያደርጉት። ታረቀኝም መዳፉን ዘረጋ።

«እግዜር ያጥናህ ኡስታ» አለ ጎበዜ፤ ሳቁን እያፈነ ድምፁን አለሳልሶ አወረደው፦

«አገር ስትቀሰቅስ ስታገሣ ኖራ፣
ሽቦ አነቃት አሉ፣ ሞተች ሳታወራ።»

ሰዉ ፈነዳ። ታረቀኝ ግን ሥዕሏን እያየ ነው። ፊቱ ደስ አላለኝም። እኔ የሰው ፊት እንደ ሽቦ አነባለሁ፤ ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነኝ። ጠጋ አልሁና «ታረቀኝ፣ ለማሳያ ናት እኮ። ገና አልተሸጠችም። ባለ ሞተሮቹን ማንም አይሰበስባቸውም፤ አሉ» አልሁት።

«አውቃለሁ ፈንቴ። ተወኝ።»

ወዲያው እንይሽ ቁርሱን በሰሐን ይዛ ከጥግ ብቅ አለች። እንደ ሁልጊዜዋ ፉል ይዛ ነው የመጣችው። የተወጠረውን ሸራና የተቀመጠውን ሰው አይታ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ሳቁ ጠፋ። ጎበዜ ብድግ አለ። «ቀልድ ነው እትዬ። ሰው አይደለም። መኪናዋ ናት፣ የኡስታ መኪና። ሞተሯን አወጡባት ብለን…»

«ለመኪና ነው ድንኳን የጣላችሁ?»

የምትጠይቀው እኛን አልነበረም።

«አንተ ታረቀኝ። ተቀመጥህላት?»

ታረቀኝ ቀና ብሎ አያት። ዓመታት ሙሉ እጇን ያስወረደባት ዓይን ያን ቀን አልነበረውም። የሰዉን ፊት ሁሉ በየተራ አየ፤ ከዚያ ሥዕሏን አየ። በአጠገቡ ያለውን ሰሌን በመዳፉ ጠረገ፤ አቧራ እንዳይኖርበት ይመስል ደጋግሞ ጠረገው።

«እንይሽ» አላት፤ «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ሰሐኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልቸኮለችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ለበዓል የተገዛች፣ ገና ውሃ ያላያት አዲስ ነጠላ ነበረች። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ቀደደቻት።

ታረቀኝ ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱ ወደ ቀኝ ዘነበለ። ድምፁ ካለቀ በኋላም ዓይኑን ሳይገልጥ ቆየ። እሷ ደረቷን እየመታች ታወርደው ጀመር፦

«ስልክ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር አደራ፣
ባሕር ዋጠው መሰል፣ ቀረ ሳያወራ።»

በዚያ ቦታ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ጎበዜ ከሎሪው ጎማ ሥር ተቀምጦ እንደ ልጅ ነፈረቀ። ኢድሪስ እንደገና መዳፉን ዘረጋ፤ አሁን የእውነቱን ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ታረቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጁን ስም ጠርቶ «ወይኔ ሀብታሙ» አለ። ሽማግሎቹ ሰምተው መጡ፣ ቄሱም መጡ። የጎበዜ ሎሪ እህል ሊጭን ሲገባው ሸራውን ለቅሶው እስኪያበቃ አልወሰደም። ለመኪና የተነጠፈው ሰሌን ላይ የሠፈሩ ሐበሻና ሱዳኒ ሁሉ ለሀብታሙ ተቀመጠ። በመጨረሻው ቀን እንይሽ ጥቁሯን ለበሰች፤ ስትራመድ ቀለል ያላት መሰለችኝ።

ሰው ሁሉ ሲበተን እኔና እሱ ሸራውን ስናጥፍ ቆየን። ሥዕሏን አንሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ቦታዋ መለሳት። ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

«ጣሊያኑ አልዋሸም» አለኝ።

እኔም የሸራውን ገመድ ጠቅልዬ ጨረስሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ልማዱ ሱቄ መጣ። ንጹሑን ጨርቅ ፈታ፣ ስልኳን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት። እኔም አየሁት፤ እሱም አየኝ። ለቅሶ ተቀምጠን፣ ቄሱም ለሀብታሙ ፍትሐት አድርሰው ነበር። ሰካኋት። ወደ መተማ እስከተመለስሁ ድረስ አንድ ቀን አልቀረም።

ኢድሪስ መርዶውን በነገረኝ ቀን ተነሥቼ የድንበሩን ድልድይ ተሻገርሁ፤ ከገላባት በሚኒባስ ገዳሪፍ ገባሁ። ከቀብሩ ባልደርስም ከለቅሶው ደረስሁ። ቤቱ ሞልቷል። እንይሽ እጅ ነሣችኝ፤ አልቅሰን ስናበቃ ካጠገቧ አስቀመጠችኝ። መስኮቱ ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላት፣ ያቺ ስልክ ተሰክታለች። ሰው እያየኝ እንደሆነ አውቄ ዓይኔን መለስሁ።

«ጋሽ ፈንቴ» አለችኝ ዝቅ ብላ፤ «አንተ ከሄድህ ወዲህ ከዚያች ሶኬት ነበር የሚሰካት። ትነቃነቃለች። አንዳንዴ እየሞላች ነው ብለን ሳትሞላ እናገኛታለን።»

ሴቶቹ ተያዩ። በለቅሶ ቤት ሥራ አይሠራም። እኔ ግን ካቻቢቴ ስጪኝ አልኋት። ጓዳ ገብታ የሱን ይዛልኝ መጣች፤ ያንን እንደ ክንድ የረዘመውን። ለሶኬት ብሎን አይመችም፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ቆጣሪውን አጥፍቼ ሶኬቱን ከፈትሁ። አንዱ ሽቦ ጠቁሮ ለቋል። የተቃጠለውን ቆረጥሁ፣ ንጹሑን መዳብ ገለጥሁ፣ አጥፌ አስገባሁ፣ ብሎኑን እጄ እስኪያመኝ አጠበቅሁት። ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል። መልሼ አበራሁ። ስልኳ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች።

እንይሽ ጣቷን ሰዳ መሰኪያውን ነቅነቅ አደረገችው።

«አሁንስ?» አለችኝ።

በገዳሪፍ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ ሰው ይመሰክራል። እኔ የሠራሁት ሶኬት አይነቃነቅም።